ቡናው የታጠበበት ወንዝ

ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር በተከፈተ አዲስ ካፌ ተቀምጫለሁ። አስተናጋጇ "ይሄ ከአንድ መንደር ብቻ የመጣ የታጠበ ቡና ነው" ብላ የመንደሩን ስም ስትነግረኝ ደነገጥኩ። የአክስቴ የመኪያ መንደር ነው።

በልጅነቴ ትምህርት ሲዘጋ ከድሬ ሽቅብ ወደ ተራራው፣ እሷ ዘንድ ነበር የምሄደው። አንድ ዓመት ከመንደሩ በላይ የቡና ማጠቢያ ተከፈተ። ሰዉ ደስ ብሎት ቀዩን እሸት ቡና በጆንያ ተሸክሞ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ግን ወንዙ ጠቆረ፤ እንደ ተበላሸ ሊጥ ይሸት ጀመር። ከውሃው የጠጣች የአክስቴ እርጉዝ ላም ሆዷ ተነፍቶ ሞተች።

አክስቴ አላለቀሰችም። ሻሿን አጥብቃ አሰረችና "ዛሬ ካላዘጋሁት!" ብላ ወደ ማጠቢያው ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት። ስንደርስ ልጇ ኢብሮ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ገንዳው ውስጥ ቆሞ ቡናውን በእንጨት እያማሰለ ከጓደኞቹ ጋር ይስቃል። ሥራ ፍለጋ ጅቡቲ ሄዶ ባዶ እጁን ከተመለሰ ወዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር።

"እማ! ምነው፣ ደህና?" አላት።

አክስቴ እሱን አየች፤ እጣቢው ወደ ወንዙ የሚወርድበትንም ቦይ አየች። ሻሿን አላላችና፣

"ምሳ በልተሃል?" አለችው።

ስንመለስ እንዲህ አለችኝ፦ "ወላሂ፣ ይዘጋ ብል ልጄ ተመልሶ ይሰደድብኛል። ይቀጥል ብል ደግሞ ምን ልንጠጣ ነው?"



"ቡናው እንዴት ነው?" አለችኝ አስተናጋጇ።

"ይጣፍጣል" አልኳት። እውነቴን ነው። አክስቴ ካረፈች ወዲህ ወደዚያ አልወጣሁም፤ ወንዙ ዛሬ ይጠጣ አይጠጣ አላውቅም።