የልብስ ሰፊዋ ዕድሜ

ልብስ ሰፊዋ የነገር ሥር ካላወቀች እንቅልፍ አይወስዳትም። ደንበኛ ሱሪ ሊያስጠብብ ከመጣ፣ ለምን እንደከሳ ሳታጣራ ሜትሯን አታነሳም።

ከሁለት ዓመት በፊት ግራ ዓይኗን ሞራ ጋረደውና መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ዳገት ሆነባት። ለቀዶ ጥገናው ሁለት ዓመት ሙሉ አጠራቅማ ባንክ አስቀመጠች። ቀጠሮዋ አንድ ሳምንት ሲቀረው ስልኳ ጮኸ።

«ከባንክ ነው፣ እናቴ» አለ ለስላሳ የወንድ ድምፅ። ስሟን እስከ አያቷ ጠራ፤ የግራ ዓይኗን ነገር አነሳ፤ «ገና በሃምሳ ሁለት ዓመትዎ!» ብሎም አዘነላት። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው እንዴት ሌባ ይሆናል? የክሊኒኩን ክፍያ ለማረጋገጥ ነው ብሎ በመልእክት የገባላትን ቁጥር ሲጠይቃት አነበበችለት። ከሰዓት በኋላ ሒሳቧ ባዶ ነበር።

ባንኩ «ቁጥሩን የሰጡት ራስዎ ነዎት» ብሎ ከደሙ ንጹህ ነኝ አለ። ሴት ልጇ አለቀሰች። የእሷም አንጀት አርሯል፤ ይበልጥ የከነከናት ግን ሌላ ነገር ነው። ሰውዬው ሃምሳ ሁለትን ከየት አመጣው? መታወቂያዋም ባንኩም የሚያውቁት ሃምሳ ስምንት ነው።

ሁለት ቀን ስታብላላው ሰነበተች። በሦስተኛው ቀን የኮት እጅጌ እየሰፋች ሳለ እግሯ ፔዳሉ ላይ ቆመ። በሕይወቷ ስድስት ዓመት የቀነሰችው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ዓይን ክሊኒኩ ስትመዘገብ፣ ጎረቤቷ ፀጉር ሠሪዋ ከኋላዋ ተሰልፋ ጆሮዋን ስላቆመች።

በማግስቱ የክሊኒኩን ወጣት ኃላፊ እንግዳ መቀበያው ላይ ያዘችው።

«ከእኛ የወጣ መረጃ የለም» አላት።

«እስቲ መዝገቤን ክፈትና ዕድሜዬን ንገረኝ።»

«ሃምሳ ሁለት።»

መታወቂያዋን ፊቱ አስቀመጠች። «ይቺን ውሸት የዋሸሁት እዚህ ብቻ ነው። ሌባው ከማን ሰማት?»

ኃላፊው «አጋጣሚ ይሆናል» ከማለቱ፣ ከተቀመጡት ታካሚዎች መሐል አንዲት ሴት ተነሳች። ፀጉር ሠሪዋ ናት፤ ለክትትል መጥታ ሁሉንም ሰምታለች።

«እኔንም ቀኝ ዓይኔን እየጠራ ነው የዘረፈኝ» አለች። «አፍሬ ነው ዝም ያልኩት።»

ሌሎቹም ማጉረምረም ጀመሩ። ኃላፊው ላቡን ጠረገና የቀጠሮ ደብተሩን ሳበ።

«ሐሙስ ይምጡ፤ የቀዶ ጥገናው ወጪ በእኛ ነው። ዕድሜዎን... ላስተካክለው?»

ልብስ ሰፊዋ በደህናው ዓይኗ ጎረቤቷን አየቻት።

«አስተካክለው» አለች። «እሷ እንደሆነች ሰምታለች።»