መምህር እድሪስ የሠሩት ቦርድ

መምህር እድሪስ ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ ደብረ ብርሃን በሚገኘው ቤታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። አስከሬናቸውም በዚያው ዕለት በአንኮበር በኩል ቁልቁል ወደ ትውልድ ቦታቸው ወደ አሊዩ አምባ ወርዶ ከከሰዓቱ የአስር ሶላት በኋላ ተቀበረ። ወሬው ዘግይቶባችሁ ያልደረሳችሁ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ብዙ ናችሁና በመጀመሪያ የምጽፈው ለእናንተ ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ እየጻፍኩ እደርስበታለሁ።

እኔ ጥሩወርቅ እባላለሁ። ፊዚክስ ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው፤ ዛሬም እርሳቸው ጡረታ እስኪወጡ በቆሙበት ሰሌዳ ፊት ቆሜ ያንኑ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከእርሳቸው የተማረ ሁሉ «መጀመሪያ ኃይሉን ለኩ፤ ጥፋተኛ ኋላ ትፈልጋላችሁ» ሲሉ ሰምቷል። እምቢ ያለ ራዲዮ በጥፊ ሲመታ ያዩትን ሰው ለሳምንት ያህል ሰላም አይሉም ነበር። እኛ ክፍል አንዲት ልጅ የትምህርት ቤቱን ብቸኛ የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ቴስተሩን፣ ያቃጠለች ቀን ግን ቁጣ ስንጠብቅ ቴስተሩን አንስተው ኮታቸው ኪስ ከተቱት። ለንብረት ክፍሉ ሰው «ከእጄ ወድቆ ነው» አሉት። እኛም ሰምተን ዝም አልን።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ትምህርት ቤቱ የጣለውን አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ወደ ቤታቸው ወስደው ዎርክሾፕ ባደረጓት ጓዳ ውስጥ አስቀመጡት። አረንጓዴ ፊደል ብቻ የሚያሳይ፣ ዕድሜው ከእኔ የማያንስ ዕቃ ነው። ልጃቸው ከማል ከአዲስ አበባ አዲስ ላምጣልህ ቢላቸው «አዲሱን ማን እንደሠራው አላውቅም፤ ይቺን ግን ከነአንጀቷ አውቃታለሁ» አሉት።

በዚያው ሰሞን ስም መርሳት ጀምረው ነበር። አንድ ቀን ሻይ ጥደው ወጥተው ማንቆርቆሪያው ነደደ። ከማል ደነገጠ፤ ጎረቤትም ማውራት ጀመረ። መምህር እድሪስ ወሬው ደርሷቸዋል። አንድ ከሰዓት ጠርተውኝ በሒሳብ ደብተር ላይ በእርሳስ የነደፉትን ሥዕል ዘረጉልኝ። የኮምፒውተሩን ፕሮሰሰር፣ ማለትም የሚያሰላውን ክፍሉን፣ ነቅለው በቦታው የበለጠ ፈጣን ፕሮሰሰር የተሸከመች የመዳፍ ስፋት ያላት ቦርድ ሊተክሉ ነው።

«ይቺ ከሠራች ጭንቅላቴ አለ ማለት ነው» አሉኝ። «ካልሠራች ደግሞ ከማል ልክ ነው። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ብየዳውን አንቺ ያዢልኝ።»

እኔም በየድኩ። ከዚያ እያንዳንዱን የተበየደ የቦርዷን እግር በቴስተር ፈተሽኩ። ቴስተሩ መስመሩ ከተገናኘ «ጢጥ» ይላል፤ ሁሉም ጢጥ አለ። የደብረ ብርሃንን የታኅሣሥ ጠዋት የሚያውቅ ይረዳኛል፤ ጣቴ አልታዘዝ ስላለኝ የከሰል ምድጃውን ጉልበቴ ሥር አስጠግቼ ነበር የምሠራው። ቦርዷም ከእኔ ጋር ትሞቅ ነበር።

ቦርዷ ተተከለች። ጠዋት ሲያበሯት ኮምፒውተሩ ሲነሳ እንደሚያደርገው ትውስታውን (ሜሞሪውን) መቁጠር ይጀምርና ግማሽ ላይ ቀጥ ይላል። ኃይሉን ለኩ፤ ልክ ነው። ሥዕላቸውን ከመነሻው እስከ መጨረሻው ደግመው አሰሉ። ቁጥር ጽፎ መልሶ የሚያነብ የመፈተሻ ፕሮግራም ጻፉ። አንዳንድ ቀን ከሰዓት፣ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጠረጴዛው ላይ ስታርፍ፣ ያቺው ቦርድ ትሠራለች፤ በማግስቱ ጠዋት ትቆማለች። ስትሠራ ያዩዋት እርሳቸው ብቻ ናቸው፤ እኔ በዚያ ሰዓት ክፍል ውስጥ ነኝ።

ከማል ሊያያት የመጣው ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ኮምፒውተሩ እንደ ልማዱ ግማሽ ላይ ቆመ።

«ትናንት ከሰዓት ሠርታለች፤ ወላሂ፣ በዓይኔ አይቻለሁ» አሉ።

ከማል ወደ እኔ ዞረ። «ብየዳው ላይ ችግር ይኖር ይሆን?»

«ሁሉንም ፈትሻለሁ፤ ደህና ነው» አልኩ።

መምህር እድሪስ ቀና ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ደብተራቸውን አጠፉ። ከማል ያን ቀን የዎርክሾፑን ቁልፍ ወሰደና «አባባ፣ ለራስህ ብዬ ነው፤ እሳትም ኤሌክትሪክም አለበት» አላቸው። እርሳቸውን ለዕረፍት ወደ አሊዩ አምባ፣ ወደ ዘመድ ቤት ላካቸው። ኮምፒውተሩን ትቼ አልሄድም ስላሉ አብሮ ተጫነ።

በአምስተኛው ቀን ደወሉልኝ። «ጥሩዬ፣ ነገ ነይና እዪ» ብለው ዘጉት። በማግስቱ የቆላው ሙቀት ተቀበለኝ፤ ኮምፒውተሩ በረንዳ ላይ ነው። ከጠዋት ጀምሮ የመፈተሻው ፕሮግራም ያለማቋረጥ ሲዞር ነበር። አጠገቡ ቁጭ ብዬ እስከ አስር ሶላት ጠበቅሁ፤ አንድም ስሕተት አላወጣም።

ሶላታቸውን ሰግደው ተመለሱና «ስትፈትሺ ምድጃው የት ነበር?» አሉኝ።

«አጠገቤ ነበር፣ ጋሼ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከሁለት ቀን በኋላ አብረን ወደ ደብረ ብርሃን ወጣን። ቦርዷን ሌሊቱን በብርዱ በረንዳ ላይ አሳድረናት፣ ጠዋት ጋቢ ተከናንቤ፣ ምድጃ ሳይኖር እንደገና እግር በእግር ፈተሽኳት። አንዱ እግር ላይ ቴስተሩ ዝም አለ። በአጉሊ መነጽር ሳየው በብየዳው ዙሪያ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች። ቦርዷ ስትሞቅ ትገጥማለች፤ ስትቀዘቅዝ ትከፈታለች። ምድጃ ታቅፌ የፈተሽኩት እኔ ሁልጊዜ የማገኘው የገጠመውን ነበር። መልሼ በየድኩት፤ በዚያው ብርድ ኮምፒውተሩ እስከ መጨረሻው ቆጠረ። ከሥዕሉ ላይ አንዲት መስመር እንኳ አልተለወጠችም።

እኔ አለቀስኩ። እርሳቸው ሳቁና ደብተሩን ደረታቸው ላይ ይዘው «አልሐምዱሊላህ፣ አለሁ» አሉ።

በዚያ ሳምንት ከማል መጣ፤ ኮምፒውተሩ ሲሠራ አይቶ ምን እንደነበር ጠየቀ። አፌን ከመክፈቴ በፊት መምህር እድሪስ «ከእኔ ነበር፤ አንዲት መስመር ዘንግቼ ነው» አሉት። እርሱ ሲወጣ ለምን አልኳቸው።

«እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ሽማግሌ ቢዘነጋ ማን ይገረማል? አንቺ ግን ነገ ክፍል ትገቢያለሽ፤ ተማሪ ፊት ትቆሚያለሽ» አሉኝ።

እኔም ዝም አልኩ። አክብሮት ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ፤ ግን ፍርሃት ነበር። ከማል የሰማውን አመነ፤ በአባቱ ቃል ምን ብሎ ይጠራጠር? ከዚያ ቀን ወዲህ ዎርክሾፑ የሚከፈትላቸው አብሯቸው የሚቀመጥ ሰው ሲገኝ ብቻ ሆነ። ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ ኖሩ። ስሄድ ብዙ ጊዜ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው ሰው ሲጠብቁ አገኛቸው ነበር። አንድ ቀን እንኳ አልወቀሱኝም።

በቀብሩ ዕለት ሰው ሁሉ ደግነታቸውን ሲያነሳ ዋለ። ዳሩ ግን መጨረሻ ላይ «ምን ያደርጋል፣ ኋላ ኋላ አእምሯቸው ደከመ እንጂ» የሚል ይጨመርበታል። ሦስት ሰው እንዲህ ሲል ሰማሁ፤ አንዱ ከማል ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይቺ እውነት ግን እኔ ካልተናገርኳት የምትጠራበት መንገድ የላትም። የሚያውቃት ሌላው ሰው ሞቷል።

ጋሼ፣ እርስዎ ለእኔ የተሸከሙትን ዛሬ መልሼ እወስዳለሁ። ስም ረስተው ይሆናል፤ ሻይም ጥደው ሄደዋል። ያቺን መስመር ግን አልዘነጉም። ከማልም፣ ተማሪዎችዎም፣ ነገ ጠዋት ፊታቸው የምቆመው ልጆችም ይህን ያንብቡት፤ የእርስዎ ሥዕል ከመጀመሪያው ቀን ልክ ነበር፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። በሕይወት ሳሉ፣ በልጅዎ ፊት፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እርሷን ነፍጌዎታለሁና ይቅር ይበሉኝ። አላህ በጀነት ያሳርፍዎት፣ መምህሬ።