የጥንቸል ታናሽ ወንድም

ነሐሴ አልቆ በሞንጎሊያ፣ በሃንጋይ ተራሮች ግርጌ ሣሩ ከጫፉ መገርጣት ሲጀምር፣ ፓግማ ጥቁር ድንጋይ የሚባለው የሸለቆው አናት ላይ ስትደርስ ከፈረሷ ትወርዳለች። ሥራ በሚሠራበት ቦታ ፈረስ ላይ ተኮፍሶ ማለፍ ነውር ነው ትላለች። ሠራተኞቹ ግን ሰዎች አይደሉም። በቋጥኞቹ መካከል ጭብጥ የሚያህሉ፣ ጆሯቸው ክብ፣ ጭራ የሚባል ነገር የሌላቸው ፍጥረቶች ይሯሯጣሉ። ኦግዶይ ይባላሉ። እያንዳንዱ አሪቲና የዱር ሽንኩርት አፉ ሙሉ ነክሶ ይመጣል፤ ፀሐይ ላይ ይዘረጋዋል፤ ሲደርቅለት ከቋጥኙ ሥር ይከምረዋል። ነፋስ እንዳይበትንበት ደግሞ ጠጠር እያመጣ በዙሪያው ይደረድራል። በበረዶው ወራት እንደ ሌሎቹ አይተኛም። ነቅቶ፣ የራሱን ድርቆሽ እየበላ፣ ብርዱን ፊት ለፊት ያሳልፈዋል።

ፓግማ በመካከላቸው በእግሯ ታልፋለች። አንዱ ያፏጭባታል። «እኔ ነኝ፣ ሥራህን ሥራ» ትለዋለች።

ወደዚህ ሸለቆ የመጣችው ከጎቢ በረሃ ወገን ተድራ ነው። በመጀመሪያው ዓመት በጎቹ መውለድ ሲጀምሩና የከረመው ድርቆሽ ሲያልቅ፣ አማቷ ከረጢት ሰጥታ ወደ ጥቁር ድንጋይ ላከቻት። «ከኦግዶዮቹ ተበድረሽ ነይ» አለቻት። ሙሽራዋ ለመወደድ ጓጉታ ነበርና አንዱን ቁልል ከነሥሩ አራግፋ፣ ከረጢቱን ጢም አድርጋ ተመለሰች። አማቷ ከረጢቱን አየች፤ እሷን አየች።

«ይሄ ብድር ነው ዝርፊያ?»

«ብዙ ባመጣ ደስ ይልዎታል ብዬ ነው።»

«ባለቤቱስ ምን ይብላ? የእኔን ደስታ?»

በዚያው በረዶ እኩሌታውን ተሸክማ ተመለሰች። ቁልሉን እንደገና ሠራች፤ ጠጠሩን አንድ በአንድ ደረደረች። ጎረቤቶች ከታች ፈረሳቸውን አቁመው እየሳቁ ያዩዋት ነበር። «ለአይጥ ቤት የምትሠራው ሙሽራ» የሚል ስም ወጣላትና ስሙ ተጣብቋት ቀረ። ከዚያ ወዲህ ከየቁልሉ የላይኛውን ግማሽ እንጂ የታችኛውን ነክታ አታውቅም።

በኋላ ያ ክፉ ዓመት መጣ። በረዶው ቀልጦ መልሶ ረጋና ምድሩን እንደ ብረት ሸፈነው። የፈረስ ሰኮና እንኳ ሊሰብረው አልቻለም። በየሰፈሩ በጎች በቆሙበት ደርቀው ተገኙ። ፓግማና ባሏ ጎንቺግ ከረጢት ይዘው ጥቁር ድንጋይን ተመላለሱበት፤ ከዚህ ቁልል እፍኝ፣ ከዚያ ቁልል እፍኝ። የእነሱም በጎች አልቀዋል፤ እናቶቹና ግልገሎቹ ግን ተረፉ። ጸደይ ሲመጣ ሌላው ሰው ባዶ ጋጣውን ሲጠርግ፣ በእነሱ ጌር፣ በክቡ የሱፍ ድንኳናቸው ደጃፍ ግልገል ይጮህ ነበር። ከዚያ በኋላ በዚያ ስም የሚስቅ ሰው አልተገኘም። ፓግማም ራሷ ትናገረው ጀመር፦ «አዎ፣ እኔ ነኝ ለአይጥ ቤት የምትሠራው።»

ለአይጥ ማለቷን የተወችው ኖሚን የምትባል ልጅ ከከተማ በመጣችበት በጋ ነው። ጎንቺግ ከሞተ በኋላ ነው ይህ። ልጆቹም ከተማ ገብተው ከባድ መኪና ይነዱ ነበርና ፓግማ ብቻዋን ነበረች። ኖሚን የዱር እንስሳት የምታጠና የዩኒቨርሲቲ ልጅ ናት። ትንሽ ድንኳኗን ከፓግማ ጌር አጠገብ ተክላ ቀን ቀን ቋጥኞቹ ላይ ትውላለች፤ ሲመሽ ጨው ያለበትን የወተት ሻይ ከፓግማ ጋር ትጠጣለች። ጠቡ የተነሣውም ሻይ ላይ ነው።

«እማማ፣ ኦግዶይ እኮ አይጥ አይደለም» አለች ኖሚን።

«አንቺ ልጅ፣ አንቺ ሳትወለጂ እኔ ከነሱ ጋር ነበርኩ። አይጥ ነው። ጨዋ አይጥ ነው፣ ታታሪ አይጥ ነው፤ ግን አይጥ ነው።»

«የጥንቸል ዘመድ ነው።»

«ጥንቸል የጎቢ ናት፤ እኔ ነኝ የማውቃት። ጆሮዋ ይሄን ያህል ነው» አለችና ክንዷን እስከ ክርኗ አሳየቻት። «የዚህ ጆሮ የት አለ? እግሩስ? ጥንቸል ስትዘል ነፋስ ናት። ይሄ እንደ አሮጊት ነው የሚሮጠው፤ እንደ እኔ።»

ኖሚን ሳቀችና ከቦርሳዋ በጥጥ የተጠቀለለ ትንሽ የራስ ቅል አወጣች። ገልብጣ የላይኛውን መንጋጋ አሳየቻት። ከሁለቱ ትልልቅ የፊት ጥርሶች ኋላ፣ ተደብቀው የቆሙ ሁለት ሌሎች ጥርሶች ነበሩ። ከስንዴ ፍሬ ያንሳሉ። «አይጥ እነዚህ የሉትም» አለች። «ጥንቸል ግን አላት።»

ፓግማ አላመነችም። አጥንት ይዞ የመጣ ሰው የፈለገውን ሊል ይችላል። በማግስቱ ጭልፊት ወደሚፈለፍልበት ገደል ሥር ሄደች። እዚያ ወፉ በልቶ የጣለው አጥንት ሞልቷል። የጥንቸል ቅል ፈለገች፤ የሜዳ አይጥ ቅል ፈለገች፤ የኦግዶይም አገኘች። ሦስቱንም በጥፍሯ እየፋቀች ወደ ፀሐይ አዞረቻቸው። የአይጡ መንጋጋ ከፊት ጥርሱ ኋላ ባዶ ነው። በጥንቸሏ ውስጥ ግን ሁለቱ ትንንሾች ነበሩ፤ በኦግዶዩም ውስጥ እንደዚሁ።

 ያን ቀን ፍየሎቿን ስታልብ እንኳ እያቋረጠች ወደ ጥቁር ድንጋይ ታይ ነበር። ዕድሜ ልኳን ጎረቤቷ የነበረ ሰው በድንገት የትልቅ ቤት ልጅ መሆኑን የሰማች ይመስል ነበር። እሷ ራሷ በልጅነቷ በጎቢ ያሳደደቻት፣ አሸዋ የምትመስል ጥንቸል፣ እዚህ ድንጋይ ውስጥ ወንድም ኖሯት።

ማታ ኖሚን ሌላም ነገረቻት። ጥንቸሎች አንድ ቤት፣ ኦግዶዮች ሌላ ቤት፤ ሁለቱም የአንድ ዘር ቅርንጫፍ ናቸው። በሰሜኑ ጫካ በረዶ ሲወርድ ነጭ የምትሆን ጥንቸል አለች፤ በጎቢ ያለችው ግን አትነጣም። ኦግዶይም ብዙ ዓይነት ነው፦ የቋጥኙ አለ፣ የሜዳው አለ፣ የጫካው አለ፣ ቲቤት ድረስ አለ፤ አብዛኞቹም የሚኖሩት በዚህ በእስያ ነው። «ድሮ እኮ ሊቃውንቱ ጥንቸልን ራሷን ከአይጥ ወገን ጽፈዋት ነበር» አለች። «የተሳሳቱት እርስዎ ብቻ አይደሉም። ደግሞ ኦግዶይን የዓለም ሊቃውንት የሚጠሩበት ስም ከእኛ ከሞንጎሎች ቋንቋ የተወሰደ ነው።»

«ከእኛ?»

«ከእኛ።»

ፓግማ ቀና ብላ ተቀመጠች። «ታዲያ ከማን ሊወስዱ ኖሯል» አለች።

ያለፈው መኸር ታች ሜዳው ላይ መዓት ወረደ። የሜዳ አይጥ ከልክ በላይ ተራብቶ ሣሩን ከሥሩ ላጨው። ምድሩ ተበሳስቶ ፈረስ እግሩን ይሰብርበት ጀመር። የቀበሌው ሊቀመንበር ሎዶይ ከወረዳ በመርዝ የተለወሰ ስንዴ አስመጣና አባወራውን ሁሉ ጌሩ ውስጥ ሰበሰበ። ፓግማ መርዙን ልትቃወም አልመጣችም። የሜዳ አይጥ ምን እንደሚያደርግ በዓይኗ አይታለች። ሎዶይ ግን ስንዴው ከሜዳው አልፎ እስከ ጥቁር ድንጋይ አናት ይበተናል ሲል ብድግ አለች። መርዙ እዚያ ከደረሰ ጥቁር ድንጋይ ድምፅ የሌለው ቋጥኝ ሆኖ ይቀራል።

«ላይኛው ሸለቆ አይነካም» አለች።

«እትዬ ፓግማ፣ አይጥ ከላይ ተርፎ ከወረደ ልፋታችን ከንቱ ነው» አለ ሎዶይ። ፓግማ ሎዶይን ገና ሲድህ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ እሱም ያከብራታል። ግን ሊቀመንበርነቱንም አይረሳም።

«እዚያ ያሉት አይጦች አይደሉም። ድርቆሻቸውስ? በዚያ በክፉ ዓመት የማን በጎች ተረፉ?»

«የእርስዎ» አለ አንዱ ከበር በኩል፤ ሰው ሳቀ።

ፓግማ የእሷ ቃል ብቻ ይበቃል ብላ ነበር የመጣችው። በዚህ ሸለቆ ስለ ጥቁር ድንጋይ ቃሏ የማይበቃበት ቀን ይመጣል ብላ አስባ አታውቅም።

«ነገ መበተን እንጀምራለን» አለ ሎዶይ። «ቀዳዳ የሚቆፍር፣ ሣር የሚበላ፣ ይህን የሚያህል እንስሳ አይጥ ነው እትዬ። እኔ ሌላ ስም አላውቅለትም።»

ያኔ ፓግማ እጇን ወደ ዴሏ፣ ወደ ረጅሙ ካባዋ ጉያ ሰደደችና ከዚያ በጋ ጀምሮ በመሀረብ ቋጥራ የያዘቻቸውን ሦስት ቅሎች አውጥታ ምንጣፉ ላይ ደረደረቻቸው።

አዛውንቱ ባዛር አንገታቸውን አሰገጉ። «ምነው ፓግማ፣ ሾርባ ልታፈይልን ነው? ሥጋውንስ የት ጣልሽው?»

«ጭልፊት በልቶታል ጋሼ። እርስዎም ጥርስ የለዎት፣ ምን ያደርግልዎታል?»

«ጥርስማ የለኝም፤ የሌላውን ግን ማየት እችላለሁ። አሳዪኝ እስቲ።»

አሳየቻቸው። አይጡን መጀመሪያ፣ ቀጥሎ ጥንቸሏን፣ ቀጥሎ ኦግዶዩን። ኖሚን ያስተማረቻትን ሁሉ፣ ከየት እንደሰማችውም ሳትደብቅ ተናገረች። ባዛር ቅሎቹን ወደ ምድጃው ብርሃን አስጠግተው ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሳቁ ነበር።

«ሎዶይ» አሉ፣ «አንተ በምን ዓመት ነው የተወለድከው?»

ባዛር መልስ ሳይጠብቁ ወደ ሰዎቹ ዞሩ።

«እናቱ የነገረችኝን ልንገራችሁ? በጥንቸል ዓመት ነው የተወለደው። ልጅ ሆኖ አንዲት ጥንቸል በድንጋይ መትቶ ገደለና እናቱ ጥንቸሏ በተገደለችበት ቦታ ወተት ረጭቶ ይቅርታ እንዲለምን ወሰደችው። አልቅሶ ነበር።»

«ጋሼ ባዛር፣ ይሄ የስብሰባ ነገር አይደለም።»

«እንዴት አይደለም? የጥንቸሏን ወንድም ልጆች በመርዝ ልትጨርስ ነው እኮ።»

ጌሩ በሳቅ ተናወጠ። በዚያ ሸለቆ እያንዳንዱ ዓመት በአንድ እንስሳ ስም ይጠራል፤ ሰውም የተወለደበትን ዓመት እንስሳ አይገድልም፤ ሲገደልም ቆሞ አያይም። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ የሚስቁትም ሎዶይም እንደሚያውቅ ስለሚያውቁ ነው። ሎዶይ ግን አልሳቀም። የኦግዶዩን ቅል ከባዛር እጅ ተቀበለ። ጠፍጣፋ ጣቱን ወደ መንጋጋው አስገባና ትንንሾቹን ጥርሶች ዳሰሳቸው። ከዚያ የጥንቸሏን አነሣና እሷንም ዳሰሰ። ወደ ፓግማም ዞረ።

«በእርግጥ ዘመድ ነው?» አላት ቀስ ብሎ።

«ታናሽ ወንድም በለው።»

«የሜዳ አይጥ ወደ ላይ ቢወጣስ?»

«እኔ አለሁ። አንድ ቀዳዳ ካየሁ ራሴ በወጥመድ እጨርሰዋለሁ። ካልቻልኩ ያን ጊዜ መርዝህን ይዘህ ና፤ አልከለክልህም።»

«ይህን በሰው ፊት ነው የሚሉት።»

«በሰው ፊት ነው ያልኩት።»

ሎዶይ ቅሎቹን መልሶ በመሀረቧ ቋጠረና በሁለት እጁ ሰጣት። «ነገ ድንበሩን እርስዎ ያሳዩናል» አለ።

በማግስቱ ከፊት ፓግማ በፈረስ፣ ከኋላ ሰዎቹ ስንዴውን በሞተር ብስክሌት ጭነው ወጡ። ቀዳዳ ባዩ ቁጥር ትወርዳለች። አጎንብሳ ፋንድያውን ታያለች፤ ሾጠጥ ያለ ከሆነ «የአይጥ ነው፣ ጨምሩ» ትላለች። እንደ ጥንቸል ክብና ደረቅ ከሆነ እጇን ታወዛውዝና ያልፋሉ። አንድ ጊዜ እሷም ተጠራጠረች። ተንበረከከች፣ በጣቷ ፈተተችው፣ አሸተተችው። «የጥንቸል ነው፤ አዳሯን እዚህ ነበረች» አለች። ሎዶይ ከኋላ ሆኖ «እሷንም ተዉአት» አለ፤ ማንም አልሳቀም።

ሜዳው አልቆ ቋጥኙ ሲጀምር ሞተሮቹን አጠፉ። ሎዶይ ባዶ እጁን ጥቂት እርምጃ ወደ ላይ ወጣ፤ እዚህ ድረስ ለዓመታት አልመጣም። ከፊቱ የአሪቲና የሽንኩርት ቁልሎች በጠጠር ታጥረው ተቀምጠዋል። ቆሞ አያቸው። በዚያ ቅጽበት አንድ ኦግዶይ ከራሱ የሚበልጥ ሣር ነክሶ ከድንጋዩ ሥር ብቅ አለ። ሰዎቹን አየ፤ አልተመለሰም። ከሎዶይ ጫማ አፍንጫ ፊት በሩጫ ሊያቋርጥ ተነሣ።

ሎዶይ ወደ ኋላው ሳይዞር አንድ እጁን ከፍ አድርጎ ሰዎቹን አስቆማቸው።

«ይለፍ» አለ።

አለፈ። ሸክሙን ቁልሉ ላይ አራገፈ፣ ጫፉን በአፍንጫው ገፋ ገፋ አደረገና ሌላ ሊያመጣ ሄደ። ፓግማ ከፈረሷ ወርዳ፣ ወገቧን አቅንታ፣ ልጓሙን ላላ አድርጋ ይዛ፣ ልጇን በሰው ፊት ጎበዝ እንዳሉላት እናት ታይ ነበር።