ዘሃራ ደረሳት

ልጅ ሳለሁ፣ ቦሌ ቡልቡላ በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። መብራት ጠፋ ማለት አባባ ወሬ ጀመሩ ማለት ነዋ! አባባ የእናቴ አባት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በደሴና በአሰብ መካከል ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው፣ ያኔ ጡረታ ወጥተው ከእኛ ጋር ነበሩ። የከሰሉ ፍም ፊታቸውን እያቀላው፣ በቆሎ እያገላበጡ፣ ጎማ የፈነዳበትን፣ ወንዝ ሞልቶ መንገድ የዘጋበትን፣ ጅብ ከመኪናው ሥር ያደረበትን ሁሉ ያወሩልናል። ጉዱ ሲመጣ ቆም ብለው «ኸይር ያርገው» ይላሉ፤ ከዚያ አንድ ደግ ነገር ይከተላል። እኔም ይህችን ቃል ካሏት መጨረሻው ያማረ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ያኔ የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የኮንዶሚኒየም ዕጣ እንዲደርሰን። እናቴ ዘሃራ ተመዝግባ ዓመታት ጠብቃለች። አከራያችን «ልጆቹ ይንጫጫሉ፣ ውሃ ታበዛላችሁ» ስትል ትውላለች፣ እኔ ደግሞ ጮክ ብዬ የምስቅበት ቤት አማረኝ።

ዕጣው በወጣ ማግስት አጎቴ ሰይድ ጋዜጣ እያውለበለበ ከሚኒባስ ዘሎ ወርዶ ግቢያችን ገባ። «እታለም! ዘሃራ መሐመድ አሊ! አያት ኮንዶሚኒየም፣ ሁለተኛ ፎቅ! ደረሰሽ!»

ወይ ጉድ! ግቢው በእልልታ ተናወጠ። ጎረቤቱ ጭቃውን እየረገጠ ገባ፣ አከራያችን ሳትቀር እናቴን አቅፋ ሳመቻት፣ እኔ እንደ እብድ ዘለልኩ። እናቴ ግን የምዝገባ ወረቀቷን ከሻንጣ አውጥታ ቁጥሩን ከጋዜጣው ጋር አመሳከረች። ደግማ አየችው። ቁጥሩ አልገጠመም፤ ወረቀቱን አጠፈችው። በዚህ ከተማ ስንት ዘሃራ መሐመድ አሊ አለ! ሁላችንም ስሙን እንጂ ቁጥሩን አላየንም ነበር።

«ኸይር ያርገው» አሉ አባባ።

ደሜ ፈላ። «ምኑ ነው ኸይር? ቤታችን ሄደ እኮ!» ብዬ ጮህኩባቸው።

«ነው መቼ አልኩ?» አሉ እሳቸውም ቆጣ ብለው። «ስሚ እንጂ አንቺ ልጅ! ያርገው ነው ያልኩት። አድርጎልኝ ያየሁትን አወራላችኋለሁ። ለምኜ ለምኜ ምን እንዳሰበልኝ እስከ ዛሬ ያላወቅኩትም አለ። ማድረጉ የአላህ ነው፤ መለመኑ የኔ።»

ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ዱዓቸውን ነበር እንደ ቃል ኪዳን የሰማሁት።

ሰይድ አንገቱን ደፍቶ «ያን ሁሉ እልልታ በከንቱ አባከንነው» አለ። ይሄኔ እናቴ ቀና አለች።

«ምን ይባክናል? ዘሃራ ደርሷት የለም እንዴ!» አለችና፣ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ፣ አይታት ለማታውቃት ሴት እልልታዋን አቀለጠችው። ሴቶቹ ተያዩ፤ ከዚያ ተከተሏት። እኔም እያለቀስኩ፣ እየሳቅኩ እልል አልኩ።

አባባ ወደ አኼራ ከሄዱ ቆዩ። እናቴ ዛሬም ተከራይ ናት። እኔም አድጌ የተመኘሁት ሥራም የወደድኩት ሰውም አልፈውኛል፤ አልዋሽም፣ ዛሬም ያንገበግበኛል፣ አላህንም «ምነው?» እለዋለሁ። ግን በአያት ኮንዶሚኒየም በኩል ሳልፍ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ልብስ የምታሰጣ ሴት ካየሁ ልቤ ዝልል ይላል። «እሷ ትሆን?» እላለሁ፤ ለማንኛውም እጄን አውለበልብላታለሁ።