ሐዲዴን ነቅሎ ቡና አሰጣበት

ዛሬ ጠዋት ከቴፒ ተመልሼ የግቢዬን በር ስከፍት፣ የትንሹ መጫወቻ ባቡሬ ሐዲድ በነበረበት ላይ እሸት ቡና ተዘርግቶ አገኘሁ።

ስምንት ወር ለፍቼበታለሁ። ጭቃና ምስጥ እንዳያበላሸው ብዬ በእንጨት እግር ከፍ አድርጌ፣ የሽቦ ወንፊት ወጥሬ፣ ሐዲዱን ከላዩ ነው የዘረጋሁት። ለማያውቅ ሰው የቡና ማድረቂያ አልጋ ይመስላል፤ አልክድም።

ያሰጣው ግን የማያውቅ ሰው አይደለም። ግቢዬን አደራ ያልኩት የሠላሳ ዓመት ጓደኛዬ ታደለ ነው። ከፍታውን ስንለካ የውሃ ልኩን ጎማ ሌላ ጫፍ ይዞ የቆመውም እሱ ነበር።

«ዝናብ መሬቱን አጨቀየብኝ፣ ቡናዬን የት ላስጣው?» አለኝ። «ያንተ ባቡር እንደሆነ አይሻግት!»

«ሐዲዱስ?»

«በሥርዓት ደርድሬልሃለሁ እኮ፣ ምን ያስቆጣሃል?»

አዎ፣ እንደ ማገዶ ደርድሮታል። አልጋው ከቡናው ክብደት የተነሣ መሃሉ ረግቧል። ባቡሩ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ዙር ሊዞር ነበር፤ አሁን ሁሉንም እንደ አዲስ ልለካ ነው።

ባያውቅ ይቅር እለው ነበር። ለአንዲት ሚሊሜትር ስጨነቅ አብሮኝ የዋለ ሰው ነው።

ልፋታችሁን በዓይኑ አይቶ ያፈረሰባችሁ ወዳጅ ካለ ጻፉልኝ። ከዚያ በኋላ አብሯችሁ የሚለካ ሌላ ሰው አገኛችሁ?