የኔታ ክንፉን ወደ እህታቸው ቤት ሳደርስ

ሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ

ከደብረ ማርቆስ ስንወጣ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። የኔታ ክንፉ በበቅሎ ላይ ናቸው፤ እኔ ከፊት ከፊት እየመራሁ በእግሬ እሄዳለሁ። ዘመኑ የጣልያን ነው፤ በየመንገዱ ኬላ አለ።

የኔታ ሠላሳ ዓመት ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ጆሯቸው እየደከመ ሄዶ ተማሪው ቅኔውን እየጮኸ ሲነግራቸው ጊዜ «በቃኝ» ብለው የመምህርነት ወንበሩን ለእኔ ለተማሪያቸው ለቀቁልኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ምግብ አስጠላቸው፤ ጨዋታ ቀረ። መርጡለ ማርያም የሚኖሩት ታላቅ እህታቸው «እኔ ዘንድ ይምጣ» ብለው ላኩ። እንዲህ እንደ ከፋቸው ወስጄ ማስቀመጡን ፈራሁ። ስለዚህ አምበር አጠገብ ለማደር አሰብሁ፤ እዚያ አብሮ አደጋቸው መሪጌታ ወርቁ አሉ። እሳቸው ማስተማር ካቆሙ ሰንብተዋል።

ረፋድ ላይ ኬላ ደረስን። አስተርጓሚው «አባቴ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?» አለ። የኔታ አልሰሙም። ጮኾ ደገመው።

«መምህር» አሉ። ከዚያም፣ «ነበርሁ» አሉ።

ጣልያኑ ስልቻችንን ፈትሾ ከቆሎው አንድ እፍኝ ዘገነና እየቆረጠመ አሳለፈን።

ማክሰኞ፣ አምበር

ገበያው ደርቷል፤ በርበሬ፣ ገብስ፣ የበግ ቆዳ። ጨው ግን እሳት ሆኗል። ከገበያው አለፍ ብሎ ያለው የመሪጌታ ወርቁ ግቢ በንብ ቀፎ የተሞላ ነው።

«አንተ ክንፉ! አረጀህ እኮ!» ብለው አቀፏቸው።

የኔታን «አንተ» የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። ደነገጥሁ። እሳቸው ግን ፈገግ አሉ።

ማርና ዳቦ ቀርቦ ሳለ መሪጌታ አጫወቱን። «ማስተማር በተውሁ ሰሞን ከዶሮ ጋር እየተነሣሁ፣ ተማሪ የሚመጣ ይመስል ደጅ እቆማለሁ። ማን ይምጣ? ሚስቴ ታዝባኝ ኖሮ፣ ‹እንግዲያው ቆመህ ከዋልህ ቀፎውን አጢስልኝ› አለችኝ። እንዲሁ ገባሁበት።»

«አይከፋህም?» አሉ የኔታ።

«ይከፋኛል እንጂ! ሲከፋኝ ወጥቼ ሰው አጫውታለሁ። ቤት ዘግተህ እንዳትቀመጥ ብቻ።»

ከዚያ ቀፎ ሊያሳዩዋቸው ወሰዷቸው። አንዲት ንብ የኔታን አፍንጫቸው ላይ ነደፈቻቸው። አፍንጫቸው ሲያብጥ መሪጌታ ሣር ላይ ተቀምጠው ሳቁ፤ የኔታም ሳቁ። ወር ሙሉ ያልሰማሁትን ሳቅ ሰማሁ።

ሐሙስ፣ ወደ ብቸና

ግራ ቀኙ የጤፍ ነዶ ነው፤ የኑጉ አበባ ገና አልረገፈም። የኔታ ከበቅሎ ወርደው አብረውኝ ይራመዳሉ፤ ከኋላችን የበሶው ስልቻና የውኃው ቅል በኮርቻው ላይ ይወዛወዛሉ።

«እዚያ እኮ የሚያውቀኝ የለም» አሉ ድንገት። «ከእህቴ በቀር ሁሉም ባዳ ነው። እኔ ደግሞ ከተማሪ ጋር እንጂ ከሰው ጋር መጫወት ረስቻለሁ።»

እኔም የደበቅሁትን አወጣሁ። «እኔም ፈርቻለሁ፣ የኔታ። ወንበሩ ይሰፋኛል።»

ቆም ብለው አዩኝ። «እኔን ምን ያህል ሰፍቶኝ እንደ ነበር አልነገርሁህም? በመጀመሪያው ዓመት አንድ ጎበዝ ተማሪ ነበር፤ ሲመጣ ባየሁ ቁጥር መሸሸጊያ እፈልጋለሁ።» ያንን ተማሪ እየረገሙና እያመሰገኑ ሲያወሩልኝ ዳገቱን ጨረስነው።

ቅዳሜ፣ መርጡለ ማርያም

እህታቸው እትዬ ጥሩነሽ በር ላይ ቆመው ነበር። «ክንፍዬ! አፍንጫህ ምን ሆነ?» አሉና አለቀሱ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁ። ጎረቤቱ ሁሉ ተጠርቶ ጠላ ቀርቧል። የኔታ የንቧን ነገር ሲያወሩ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ባዳ የተባሉት ሰዎች ጠጋ ጠጋ አሉ፤ ጆሯቸው መድከሙን ስለ ሰሙም ሁሉም ይጮኻል።

ሰኞ፣ መመለሻዬ

ልሰናበታቸው ብፈልግ ከቤት የሉም። «አውድማ ሄዷል» አሉኝ እትዬ ጥሩነሽ። ሄጄ ሳይ በጭድ ተሸፍነው መንሽ ይዘዋል፤ ከጎረቤት ሽማግሌዎች ጋር ገብስ ያዘራሉ። ያወቁበት አይመስልም፤ ገለባው ተመልሶ ፊታቸው ላይ ነው የሚያርፈው። ሽማግሌዎቹ ይስቁባቸዋል፣ እሳቸውም በቀልድ ይመልሱላቸዋል።

ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምሁ። እንባዬ መጣ።

«ምን ታለቅሳለህ? አሁንም አልሄድህም?» አሉኝ ጭዱን ከጢማቸው እያራገፉ። «ሂድ እንጂ! ተማሪዎችህ እየጠበቁህ ነው።»