ለማዳም የነዳሁ ዕለት

ሳዑዲ፣ ደማም ከተማ በቤት ሠራተኝነት የማገለግላት ማዳም ኹበር ከተማ ካለችው እህቷ ጋር የማትፎካከርበት ነገር አልነበረም። እህትየው «የእኛ ፊልም ማጫወቻ ከኢንተርኔት ይገናኛል» ብላ ብትኮራባት፣ የእኔዋ በኢንተርኔት የሚያጋጥም ጌም ማጫወቻ ገዛች። በሳምንቱ እህትየውም ገዛች። ከዚያ ወዲህ በየቤታቸው ሶፋ ላይ ተቀምጠው፣ በማይክ እየተነጋገሩ በመኪና ውድድር ይፋለማሉ፤ ሁልጊዜ የምትሸነፈው የእኔዋ ናት።

የዘመዳቸው ሰርግ ዋዜማ ላይ እህትየው እንጋጠም አለቻት። ማዳም እጇን የተቀባችው ሂና ገና አልደረቀም፤ እምቢ ማለት ደግሞ ሞቷ ነው። ጆይስቲኩን በክርኗ ወደ እኔ ገፋችና፣ «አንቺ ንጂ፣ በማይኩ እኔ አወራለሁ። ድምፅሽን እንዳልሰማ!» አለችኝ።

ሲደብራት ከእኔ ጋር ስለምትጫወት እጄ ተፍታቷል። ነዳሁት! መጨረሻው ኩርባ ላይ የኹበሯን መኪና ከግንብ ጋር አላትሜ አንደኛ ወጣሁ። ማዳም ሂና የተቀቡ እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ «ኸላስ! አለቀላት! ኸላስ!» እያለች ጨፈረች።

ያኔ ከቴሌቪዥኑ ውስጥ የማላውቃት ሴት በአማርኛ፣ «ወይኔ ጉዴ! ዛሬ ማዳም አትለቀኝም!» ስትል ሰማሁ።

ትእዛዙን ረስቼ ወደ ማይኩ ተጠጋሁ።

«አይዞሽ እህቴ! የአንቺዋም ሂና ተቀብታ ነው?»